ከሩቅ የሚታይ ጨርቅ

ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ከሦስት አይበልጥም ነበር። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ፈታይ የሥዕል ደብተሯን ገልጣ አየችና፣ «ይቺ ልጅ ከመስመር ሌላ የምታውቀው ነገር የለም እንዴ?» አለች፤ ከዚያ ወዲያ በቃ፣ «ወይዘሪት መስመር» ሆና ቀረች። እሷም አልከፋትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሥዕል ስትስል ኖራ ማንም ምንም ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ ቅጽል ስምም ቢሆን እንደ ሹመት ቆጠረችው።

ሥዕሎቿ ውስጥ ሰው የለም፣ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ክብ አለ፤ የተሰበረ ክብ አለ፤ ቀይ አረንጓዴ ላይ ተደግፎ ይታያል፤ መሐል ላይ አንድ መስመር ሰተት ብሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ በተውሶ አዳራሽ ውስጥ ዐውደ ርእይ ብጤ አዘጋጀች፤ ሃያ ሰው መጣ፤ ከሃያው አሥራ አንዱ ዘመድ ነበር። ያሳደገቻት አክስቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ዞራ ስታበቃ እጇን አገጯ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ልጄ፣ ያምራል፤ አልዋሽሽም። ግን ይሄ ሁሉ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ብንለብሰው አይሻልም ነበር?» አለቻት።

ለቀልድ ያለችው ነው። ልጅቱ ግን ነገሩን ሳምንቱን ሙሉ ስታላምጠው ሰነበተች። ሥዕል የሚሰቅልበት ግድግዳ ያለው ስንት ሰው ነው? ልብስ የማይለብስስ ማን አለ? በሳምንቱ ሰኞ የሥዕል ጥቅሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ጥቅሉን እንኳ አላስፈቷትም።

«አበባ ትስያለሽ?»

«እስላለሁ።»

«ጽጌረዳ?»

«ጽጌረዳም።»

«የሚመጣው ሰኞ ግቢ።»

ስምንት ወር ጽጌረዳ ሳለች። ትልቅ ጽጌረዳ፣ ትንሽ ጽጌረዳ፣ ቅጠል ያለው፣ ቅጠል የሌለው፣ የከፋት ቀን ደግሞ እሾህ የበዛበት። ግን እጇን አጣጥፋ አልከረመችም። ማተሚያ ክፍል እየዋለች ሥራውን ከሥሩ ለቀመችው፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሮለር እንዳለው፣ የንድፉ ጫፍ ከመነሻው ጋር ካልገጠመ ጨርቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠባሳ የመሰለ ነገር እንደሚወጣ፣ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለው ሁሉ የሰው ትከሻ ላይ ሲወጣ ቀጥ ብሎ እንደማይቀር። ማታ ቤት ስትገባ አክስቷ፣ «ዛሬስ ምን ሳልሽ?» ትላታለች። «ጽጌረዳ።» «እሰይ፣ ሰው ሆንሽ!» ትልና ሁለቱም ይስቃሉ።

በዘጠነኛው ወር ጽጌረዳው መሸጥ አቆመ። ገበያው ጠገበው መሰለኝ፣ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው በጣቃ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት።

«ያን መጀመሪያ ጠቅልለሽ ይዘሽው የመጣሽውን ነገር... ክብ ክብ ነው ይሉኛል። አንድ ጨርቅ ላይ አሳዪኝ። ነጋዴዎቹ በወሩ መጨረሻ ይመጣሉ።»

መሬት አልበቃት አለ። ሦስት ሳምንት እህል ውሃ ሳትል ሠራች። በሰባት ዓመት የተማረችውን ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ልታፈስ ነበር የፈለገችው፤ ትልልቅ ሞላላ ቅርጾች፣ ቀይ አረንጓዴ ላይ፣ አረንጓዴ ቀይ ላይ፣ ማንም ማንንም እንዳያሸንፍ ኃይላቸው እኩል ሆኖ። ታትሞ ሲወጣ ገና ትኩሱን ፊቷ ላይ አስጠግታ አሸተተችው።

ነጋዴዎቹን የተቀበሏቸው ረጅሙ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወዲያ ጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ወዲህ ጫፍ ጨርቆቹ ከላይ እየተለቀቁ ይዘረጋሉ። የእሷ ተራ ደረሰና ጨርቁ ወረደ።

«ምንድነው የፈሰሰበት?» አለች አንዲት ነጋዴ። ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ገበያው ውስጥ ቃሏ የሚከበር ሴት ነች። ተነሥታ እስከ ጨርቁ ድረስ መጣች፣ አየችው፣ ዓይኗን አሸች። «ከዚያ ሳየው ጭቃ ነው፤ እዚህ ቀርቤ ሳየው ደግሞ ይወራጭብኛል። ይሄን የለበሰች ሴት ጋ ቆሜ ማውራት አልችልም፤ ያዞረኛል።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ወልውለው፣ «እሺ፣ ቀጣዩን» አሉ። ቀጣዩ ጽጌረዳ ነበር።

ወይዘሪት መስመር ያኔ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጥቂት እንደቆየች ግን ሐፍረቱ ወደ ንዴት ዞረ። ንድፉ ላይ ምንም ስህተት እንደሌለበት እርግጠኛ ነበረች። ጭቃ ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ከጨርቁ ላይ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ቁራጭ በመቀስ ቆርጣ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ቀለም ክፍል ወረደች።

ቀለም ክፍል እንፋሎት የማይለየው፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያ ድረስ በቀለም ጣሳ የተሞላ ቤት ነው። የቀኑ ፈረቃ ቀማሚ ጋሽ ሚዛን ይባላሉ። ሌሎቹ ቀማሚዎች ምግብ ላይ ጨው እንደሚጨምር ሰው ቆንጠር እያደረጉ፣ በዓይናቸው እየገመቱ ነው የሚሠሩት። ጋሽ ሚዛን ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ባለው የነሐስ ሚዛን ሳይመዝኑ ማንኪያ አያነሡም። ሻይ ውስጥ የሚጨምሩትንም ስኳር ይመዝናሉ ይባላል። ሠራተኛው ይሥቅባቸዋል፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ይመዝናሉ።

«ጋሼ፣ ጨርቄን አበላሽተውብኛል!» አለች ገና ከበሩ።

«ምን ሆነ ልጄ? ተረጋጊ።»

«ቀዩ ቀይ አልሆነም! ነጋዴዎቹ ከሩቅ ጭቃ ነው አሉኝ፣ በሰው ፊት!»

ጋሽ ሚዛን ጨርቁን ሳያዩ ደብተራቸውን ገለጡ። «ቀይ፣ ለኪሎ አርባ ሁለት ግራም። አረንጓዴ፣ ሠላሳ ስድስት ከግማሽ። ያዘዝሽው ይኸው ነው፤ አንዲት ፍንጣቂ ዝንፍ አላለም።»

«ደብተሩን ይተዉትና ጨርቁን ይዩት!» ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ጣለቻቸው። «እስቲ ቀዩን ያንሡትና ወደ መስኮቱ ይዘን እንየው።»

የጋሽ ሚዛን እጅ አየር ላይ ትንሽ ተንጠለጠለ። ከዚያ አንዱን ቁራጭ አነሡ። አረንጓዴውን ነበር።

ሣቀች። «ጋሼ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም» ልትል ቀና ስትል ፊታቸውን አየችው። ሣቋ አፏ ላይ ደረቀ። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ሄደው በሩን ዘጉ።

«ለማን ትነግሪያለሽ?»

«ምኑን?»

«አሁን ያየሽውን።»

ከዚያ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ነገሯት። ቀይና አረንጓዴ ለእሳቸው አንድ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው፤ የበሰለ ፍሬ ካልበሰለው የሚለዩት በጣታቸው ተጭነው ነበር። ወጣት ሳሉ ፋብሪካው ሰው ሲፈልግ ባዶ የነበረው ቦታ ይሄ ብቻ ስለነበር ገቡ፤ ትንሽ ሠርቼ እለቃለሁ ብለው ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

«ታዲያ እንዴት—»

«በሚዛን። ግራም ቀይም አረንጓዴም አይደለም፤ ግራም ነው። የቀረውን እሷ ታይልኛለች።» እሷ ያሉት ባለቤታቸውን ነው። ላይኛው ፎቅ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ትሠራ ነበር፤ በየቀኑ የምሳ ሰዓት ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ከኪሳቸው ቁርጥራጭ እያወጡ ያሳይዋታል፤ እሷ እየበላች «ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ይሄ ትንሽ ጠቆረብህ» ትላቸዋለች። አምና እግሯን ስላመማትና ቀኑን ሙሉ መቆም ስላቃታት ጡረታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቁርጥራጩ ኮፍያ ውስጥ ተደብቆ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ወይዘሪት መስመር ንዴቷን ረሳች። ጋሽ ሚዛን ግን አልጨረሱም።

«አንድ ነገር ልበልሽ? አትቀየሚኝም?»

«ይበሉ።»

«ጨርቅሽ ሲታተም ቆሜ አየሁት። ለኔ ባዶ ነው። ምንም አልተሳለበትም፤ አንድ ወጥ፣ አፈር የመሰለ ነገር። ጉድለቱ የኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ነጋዴዎቹም ከሩቅ ጭቃ ነው አሉ ስትዪኝ... እነሱ እኮ ዓይናቸው ደኅና ነው።»

«እሱማ የእርስዎ ችግር ነው!» አለች ሳታስበው። ቃሉ ካፏ እንደወጣ ጸጸታት፤ ግን ቆማ ይቅርታ ለመጠየቅም ድፍረት አጣች። ቁራጮቿን ሰብስባ ወጣች።

ሌሊቱን በእንቅልፍ ልቧ ሳይቀር ነገሩ ሲከነክናት አደረ። ጠዋት ከሥራ በፊት ሁለት ክንድ የሚሆን ጨርቅ ጠቅልላ መንገዷ ላይ ያለው ፎቶ ቤት ገባች። ፎቶ አንሺው ጥቁርና ነጭ ነው የሚያነሣው፤ እሷም የፈለገችው ቀለም የማይለይ ዓይን ነበር። የሚነሣው ሰው ሳይሆን ጨርቅ መሆኑን ሲሰማ ግራ ገባው፤ ቢሆንም ግድግዳው ላይ ወጥሮ አነሣላት። በሦስተኛው ቀን ልትወስድ ስትሄድ ሰውየው አንገቱን እያሻሸ ጠበቃት።

«እህት፣ ፊልሜ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ። ሌላ በነፃ ላንሣልሽ?»

ፎቶውን ተቀበለችው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ሞላላ የለ፣ ክብ የለ፣ ምንም የለ። የዝናብ ቀን ሰማይ ይመስላል። ፎቶ ቤቱ መሐል ቆማ ብቻዋን መሣቅ ጀመረች፤ ሰውየው የተቀየመችው መስሎት ወንበር አቀረበላት።

ፊልሙ አልተበላሸም። ቀዩና አረንጓዴው ጥቁረታቸው እኩል ነበር፤ ኃይላቸው እኩል ይሁን ስትል ብርሃናቸውንም እኩል አድርጋው ኖሯል። ቀለሙን የሚለይ ዓይን ቀርቦ ሲያየው ሁለቱ ይጋጩበታል፤ ራቅ ሲል ደግሞ ተቀላቅለው ጭቃ ይሆናሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይሄ ከዚያ የበለጠ ቀይ ነው፣ ያ ከዚህ የበለጠ አረንጓዴ ነው ስትል «የቱ ብሩህ ነው፣ የቱ ጨለማ?» ብላ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ፎቶውን ይዛ ቀለም ክፍል ወረደች።

«ጋሼ፣ አፌን አልገታሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልክ ነበሩ።»

ጋሽ ሚዛን ፎቶውን ተቀበሉ፤ አገላብጠው፣ ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ፊታቸው እየበራ ሄደ።

«ይኸው! ይኸውልሽ! እኔ የማየው ይሄንን ነው!» ጣታቸው ፎቶው ላይ እንዳለ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ የማየውን ሌላ ሰው ሲያየው... በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓታቸው አንድ ላይ ሆነ። እሷ ባለቀለም ወረቀት ቆራርጣ ታመጣለች፤ እሳቸው ዳቦ እየገመጡ «ይሄ ከፊት ይቆማል፣ ያ ከኋላ፣ እነዚህ ሁለቱ አይተያዩም» እያሉ ያሰልፉላታል። እሷ ስድስት ዓይነት ግራጫ በምታይበት እሳቸው አሥራ አንድ ያያሉ። መጀመሪያ ላይ ያሏትን ሁሉ በፎቶ እያረጋገጠች ነበር፤ ፎቶ አንሺው «የጨርቅ ዘመድ» ብሎ እስኪሰይማት ድረስ። በኋላ ግን ፎቶውን ተወችው፤ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው ስለማያውቁ። አንዳንዴ ያናድዷት ነበር። ሁለት ቀን የለፋችበትን ወረቀት አንሥተው፣ «ይሄ ተኝቷል፤ ቀስቅሺው» ብለው ወደ እሷ ይገፉታል። እሷም ትነጫነጫለች፣ ወስዳ ትቀሰቅሰዋለች።

ሁለት ወር እንደዚህ አለፈ። ከዚያ አንድ ዓርብ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ ጩኸት ሆነ።

አንድ ትምህርት ቤት አረንጓዴ የተማሪ ልብስ ጨርቅ አዝዞ ነበር፤ ስድስት መቶ ሜትር። ከማሽኑ የወጣው ግን ሸክላ የመሰለ ቀይ ነው። የማታው ፈረቃ ሠራተኞች መደርደሪያ ሲያጸዱ በእንፋሎት የላላው የሁለት ጣሳ ምልክት ተነሥቶ ወድቆ ኖሯል፤ የለጠፈው ሰው አቀያይሮ ለጠፈው። ዓይን ያለው ሰው ጣሳውን እንደከፈተ ባወቀ ነበር። ጋሽ ሚዛን ግን ምልክቱን አንብበው፣ በጥንቃቄ፣ ፍንጣቂ ሳያዛንፉ መዘኑት። ሠራተኛው ማሽኑን ከብቦ ይሥቃል፤ ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ከጨርቁ የበለጠ ቀልቷል።

«ማነው ይሄን የሠራው? ሰኞ ጠዋት ስሙ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጥ!»

ወይዘሪት መስመር ወደ ምድር ቤት ሮጠች። ጋሽ ሚዛን ሚዛኑን እየወለወሉ ነበር፤ ነገሩን ሰምተዋል።

«የቀለም ትእዛዙን አገላብጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ» አለቻቸው። «እኔ አዲስ ነኝ፤ ቢቆጡኝ ነው። እርስዎ ለጡረታ የቀረዎት ሦስት ዓመት ነው።»

«አንቺ በውሸት ተወቅሰሽ፣ እኔ በውሸት ልኖር?» አሉ ቀና ሳይሉ። «እስካሁን ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም። አሁን አትጀምሪልኝ።»

ምክር ቢያጥራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸውን ልታነጋግር ቤታቸው ሄደች። ሠፈሩ ደርሳ ስትጠይቅ ሁሉም፣ «አሃ፣ ቀይ በር ቤት!» እያለ አሳያት። እውነትም የአጥሩ በር ደም የመሰለ ቀይ ነው። የከፈቱላት ሴትዮ አጭር፣ ፈርጠም ያሉ፣ በከዘራ የሚራመዱ ነበሩ።

«እትዬ፣ በሩ ያምራል» አለች ለመግቢያ ያህል።

ሴትዮዋ ወደ ኋላ ዞር ብለው ባላቸው አለመኖራቸውን አረጋገጡ። «አረንጓዴ ነው ብሎ ነው የቀባው» አሉ በሹክሹክታ። «በዓል ሳይሆን፣ ምን ሳይሆን፣ ዝም ብሎ ሊያስደስተኝ። እኔ ገበያ ሄጄ ስመለስ ቀብቶ ጨርሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። ‹ሣር መሰለልሽ?› አለኝ። መሰለ አልኩት። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመቱ።»

«ሠፈሩስ?»

«ሠፈሩን እኔ ነኝ ያስጠነቀቅኩት። እሱ ፊት ‹ቀይ በር› ያለ ሰው ከኔ ጋር ነው ጠቡ።»

ሁለቱም ሣቁ። ከዚያ ወይዘሪት መስመር የመጣችበትን ነገረቻቸው፤ ምን እንዳሰበችና ጋሼ ምን ብለው እንደከለከሏት። ሴትዮዋ ሰምተው ሲያበቁ ጉልበታቸውን አሹ።

«ልጄ፣ እኔ ደክሞኛል» አሉ። «ዓይን መሆኑ አይደለም የደከመኝ። ዓይን ብሆነው ደስ ይለኛል፤ ባሌ ነው። የደከመኝ መደበቁ ነው። እሱ ኮፍያው ውስጥ ጨርቅ ሲሸጉጥ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ ሲያይ... ይሄን ያህል ዓመት የሠራ ሰው! ምን ሰረቀ?»

ጋሽ ሚዛን ዳቦ ገዝተው ሲገቡ ሁለቱ ሴቶች አንድ ሐሳብ ሆነው ጠበቋቸው። ባለቤታቸው ሳያስቀምጧቸው፣ «ሰኞ አብረን እንሄዳለን፤ አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ» አሉ። ጋሽ ሚዛን ዳቦውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ከሚስታቸው ወደ ልጅቱ፣ ከልጅቱ ወደ መሬት ሄደ።

«እሺ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ቢሮው ገቡ። ጋሽ ሚዛን ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሳያሳጥሩ ሳያስረዝሙ ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የሚቀልዱባቸው መሰላቸው። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ።

«ቀለም የማያይ ቀለም ቀማሚ! በኔ ፋብሪካ! ይሄን ሁሉ ዘመን!»

«አዎ ጌታዬ።»

«ይሄ እኮ መሣቂያ ያደርገናል!»

ወይዘሪት መስመር እሑድ ፋብሪካ ገብታ ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀችውን ነገር ያኔ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከናሙና መዝገቡ ያወጣቻቸው የጨርቅ ቁርጥራጮች ነበሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንዴ ይዩልኝ። ይሄ ጥቁር ሰማያዊ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ይሄ ደግሞ ባለፈው ወር። ሁለቱም የጋሼ ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ይዘዋቸው ሄዱ። መንታ ነበሩ።

«እነዚህ አራቱ ደግሞ ያው ቀለም፣ ያው ትእዛዝ፣ በሌላው ፈረቃ፣ በዓይን የተሠሩ። ሁሉም የዘንድሮ ናቸው።»

አራቱ አራት ዓይነት ሰማያዊ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። ኮት ሰፊ ደንበኞች የእጅጌው ቀለም ከደረቱ አልገጠመም እያሉ ጨርቁን ለምን እንደሚመልሱ ዓመት ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ኖረዋል። ቁርጥራጮቹን አስቀመጡ።

«ቀይና አረንጓዴውን ግን ማን ያይልዎታል?» አሉ፤ ድምፃቸው ረግቧል።

«ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ማን ያየለት ይመስልዎታል?» አሉ ባለቤታቸው ከበሩ ሥር፣ ከዘራቸውን መሬት መታ አድርገው።

ሥራ አስኪያጁ ዞረው አዩዋቸው። «ታዲያ ይመለሱና በግልጽ ይሥሩታ!»

«ወንበር ካለው።»

ወንበር ተሰጠ። ባለመደገፊያ፣ ትራስ ያለው። ጋሽ ሚዛን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ማስጠንቀቂያውን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ ግን ሽልማት የተቀበለ ሰው ነበር የሚመስሉት።

የቀረው ስድስት መቶ ሜትር ሸክላ ቀለም ጨርቅ ነበር። «እሱን ለኔ ይስጡኝ» አለች ወይዘሪት መስመር። ሥራ አስኪያጁ ከዚህ በላይ ሊበላሽ ስለማይችል ሰጧት። ጣቃውን ቀለም ክፍል ወለል ላይ ዘረጉትና ከጋሽ ሚዛን ጋር ቆመው አዩት።

«ይሄ መሐከለኛ ነው» አሉ ጋሽ ሚዛን። «ከዚህ የጨለመ አንድ ጨምሪ፣ ከዚህ የበራ አንድ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

«ሁለት ብቻ?»

«አንቺ ሲበዛልሽ ትወጃለሽ። ሁለት ብቻ።»

አሥራ ሁለት ቀን ፈጀባት። ሞላላዎቹ ተመለሱ፤ ግን አሁን ጥቁር ሆነው፣ ትልልቅ ሆነው፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብለው፣ እንደሚራመድ ሰው። በመካከላቸው ቀጭን ነጭ መስመር አንዴ እየጠፋ አንዴ እየተገኘ ይሄዳል። ጋሽ ሚዛን የመጀመሪያውን ወረቀት መለሱባት፤ ሁለተኛውንም መለሱ። ሦስተኛውን ጠረጴዛው ላይ አቁመው እስከ ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ሄዱና፣ «ነቃ» አሉ።

ነጋዴዎቹ ሲመጡ እሷ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር፤ ፊታቸውን ለማየት አቅም አጣች። ጨርቁ ሲወርድ ድምፁን ሰማችው። ከዚያ የሻይ ስኒ ከማስቀመጫው ጋር ሲጋጭ፣ ከዚያ ከባድ እርምጃ ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ሲመጣ ሰማች። ያቺው ጎርናና ነጋዴ ነች።

«ይሄስ ጠራኝ» አለች ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ። «እዚያ ተቀምጬ ነው የጠራኝ። ማነው የሠራው?»

ወይዘሪት መስመር ከመጋረጃው ወጣች።

«አንቺ ነሽ? ያ የሚያዞረውም ያንቺ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አገኘሽ ታዲያ በዚህ በሦስት ወር ውስጥ?»

«ሰው» አለች ወይዘሪት መስመር። ነጋዴዋ ትንሽ አየቻትና ሁለት መቶ ሜትር አዘዘች። ከአዳራሹ ሳይወጡ የቀረው አራት መቶም ባለቤት አገኘ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ ማለት አይቻልም። አክስቷ የመጀመሪያውን ቀሚስ ከዚያ ጨርቅ ሰፍታ ስትለብሰው ሁለቱ ትልልቅ ሞላላዎች ደረቷ ላይ አፍጥጠው ተገኙ። «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ከፊቴ ይልቅ እዚህ ነው የሚያየው!» ብላ ጮኸች፤ የሚቀጥለው ንድፍ ቅርጹ አነሰ። አንዳንድ ዓመት ገበያው ወደ ጽጌረዳ ይመለሳል፤ ያኔ ጽጌረዳ ትስላለች፣ ግን ከሩቅ የሚታይ ጽጌረዳ። ሥዕሏንም አልተወችም፤ እሑድ እሑድ ትስላለች። በሦስተኛው ዐውደ ርእይዋ ዘመድ ያልሆነው ሰው ከዘመዱ በለጠ።

ጋሽ ሚዛን ጡረታ ሲወጡ ምሳ ሰዓቱ ወደ ቅዳሜ ዞረ። ቀዩን በር አንኳኩታ ትገባለች፤ ወረቀቶቿን ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ባለቤታቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ቀለሙን ይተቻሉ፣ ጋሽ ሚዛን ብርሃኑንና ጨለማውን ይተቻሉ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይነታረካሉ፣ እሷ መሐል ሆና ትጽፋለች። አንድ ቅዳሜ ግን አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ለአንድ ቤተ መጻሕፍት መጋረጃ የታዘዘ ነበር፤ ስትሠራው ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። ይሄን ሁሉ ዓመት ለጋሽ ሚዛን ዓይን የምታቀርበው እሳቸው ግማሹን የማያዩትን ነው። ሰማያዊና ቢጫን ግን እሳቸውም እንደ ማንኛችንም ያያሉ። ስለዚህ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር በሰማያዊና በቢጫ ብቻ ሠራችው፤ ስድስት ዓይነት ሰማያዊ፣ አምስት ዓይነት ቢጫ።

ወረቀቱን ስትዘረጋው ጋሽ ሚዛን እንደ ወትሮው «ተኝቷል» ወይም «ነቅቷል» አላሉም። ጎንበስ አሉ። ባለቤታቸው ለመተቸት አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«ምነው ጋሼ? አልሆነም?»

«ቆይ ልጄ፣ አታጣድፊኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እያየሁ ነው።»